በጭንቅ ጊዜ ጌም፦ የቱ ይሻላል፣ ስንት ደቂቃ፣ መቼ ይቁም? (ሀዋሳ)

ሐይቅ_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ሪፈራል ግቢ አግዳሚ ላይ የምታድር አስታማሚ፣ ሠልስቱ አልፎ ዘመድ የተበተነበት ሐዘንተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ያልሆነለት ልጅ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የተቀነሰች ወጣት። አራቱም እጃቸው ላይ ስልክ አለ፤ አራቱም ሲጨንቃቸው አንድ ጌም ይከፍታሉ። "ጊዜህን አትግደል" የሚለው ተግሣጽ ማንንም ሲያስቆም አይታይም፤ ሰውየው ላይ ኀፍረት ይጨምርበት እንደሆነ እንጂ።

ስለዚህ እዚህ ክር ላይ እንዲመለስ የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። ለየትኛው ጭንቅ የትኛው ጌም ይሆናል? ስንት ደቂቃ ይበቃል? ስልኩም ኮንሶሉም እንዴት ቢዘጋጅ ይሻላል? ጌም ቤት የሚሄደውስ? የምታውቁትን በዝርዝር ጻፉልኝ። ሌላ ሰው አንብቦ ዛሬ ማታ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ማለቴ ነው።

ሲስተር_ዘ
ሐይቅ ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ይህ በቅጡ መጻፍ ያለበት ጉዳይ ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ በሙያው ከሚታወቀው ልጀምር።

የተጨነቀ ሰው የሚሠቃየው በሐሳቡ መመላለስ ነው። ያው ምስል፣ ያው ድምፅ፣ ያው "ምነው እንዲህ ባደረግኩ" ደጋግሞ ይመጣል። አእምሮ ደግሞ በአንድ ጊዜ በዐይነ ኅሊና ሊይዘው የሚችለው ነገር ውስን ነው። ቅርጽ እያዞሩ ቦታ ቦታው የሚያስገቡበት ጨዋታ ያንን ውስን ቦታ ይይዘዋል፤ ለአስፈሪው ምስል የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

ይህ በግምት የሚወራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ኦክስፎርድ በሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ተሠርቷል። መኪና አደጋ የደረሰባቸው 71 ሰዎች አደጋው በደረሰ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከአደጋው የከፋውን ቅጽበት ለአፍታ እንዲያስታውስ ተደርጎ 20 ደቂቃ ያህል ቴትሪስ (ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እያዞሩ የሚደረድሩበት ጌም) ተጫወተ። ሌላው ወገን ከአደጋው በኋላ ያደረገውን ሲመዘግብ ቆየ። በቀጣዩ ሳምንት ሳይጠራ የሚመጣው የአደጋ ምስል ቴትሪስ በተጫወቱት ላይ በ62 በመቶ ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ተጫዋቾቹ የሚወርደውን ቅርጽ ብቻ እንዲያዩ አልነበረም የተነገራቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በጎን መስኮት እያዩ የት እንደሚያሳርፉት አስቀድመው በሐሳባቸው እንዲያዞሩት ነው። ያ ካልተደረገ ጨዋታው የአውራ ጣት ሥራ ብቻ ይሆናል፤ ሐሳብም ከጎኑ እንደልቡ ይመላለሳል። ደግሞም ጥናቱ 20 ደቂቃ ያህል ነው ያለው፤ ሌሊቱን ሙሉ አላለም። ሌላው ብርቱ ማሳሰቢያዬ፦ "የከፋውን ቅጽበት አስታውስ" የሚለውን ክፍል ቤት ውስጥ በዘመድ ላይ አትሞክሩት። እሱ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ጨዋታውን ብቻ ስጡት።

የሚቀንሰውም የድንጋጤውን ምስል ነው። ሐዘኑን አያጠፋም፤ ሐዘን እንዲጠፋም አንፈልግም።

አሞራ_ገደል
እናመሰግናለን ሲስተር። እንግዲያው የጥያቄና መልስ ጨዋታም ያው ነው ማለት ነው? ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ነው የሚጫወተው።

ሲስተር_ዘ
@አሞራ_ገደል አይ፣ ያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዚያው የምርምር መስመር የወጣ ሙከራ በትክክል ይህንን አነጻጽሯል። አስደንጋጭ ፊልም ካዩ በኋላ ቴትሪስ የተጫወቱት ላይ ምስሉ ቀነሰ። የጥያቄና መልስ ጌም የተጫወቱት ላይ ግን አልቀነሰም፤ በአንደኛው ሙከራ እንዲያውም ጨመረ። ምክንያቱ ቃል የሚጠይቅ ጨዋታ የዐይነ ኅሊናን ቦታ ስለማይይዝ ነው። ለድንጋጤ የቅርጽ ጨዋታ ስጡ።

ለመሰልቸትና ለብቸኝነት ግን ነገሩ ይለያል። እሱን ጌም የሚያውቁት ይጻፉበት።

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
ልቀጥል። ስለ አስታማሚዋ ስልክ በመጀመሪያ፤ ምክንያቱም እሷ ከሁሉም የጠበበ ሁኔታ ላይ ናት፦ ቻርጅ የለም፣ በማንኛውም ደቂቃ ትጠራለች፣ መድኃኒት ግዢ ትላካለች።

ለእሷ የሚሆነው ጌም አራት ነገር ማሟላት አለበት። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በየትኛውም ሰከንድ ሊቆም የሚችል፣ ባትሪ የማይበላ፣ እንግሊዝኛ የማያስነብብ። ቴትሪስ፣ ሶሊቴር፣ ሱዶኩ፣ 2048 እነዚህን ያሟላሉ። ሱዶኩ ላይ "ቀላል" የሚለውን ደረጃ ምረጡ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከባዱን ሲጀምር ግማሽ ላይ ይሳሳትና ከመጽናናት ይልቅ ይናደዳል። ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ለአስታማሚ ፈጽሞ አይሆኑም። ሰው ካለበት ጨዋታ መሐል ማቆም አይቻልም፤ የፐብጂ ትልቁ ካርታ ብቻ እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፣ ነርሷ ደግሞ አትጠብቅም።

ብዙዎች ማስታወቂያ እንዳይመጣ ኤርፕላን ሞድ ያደርጉታል። አስታማሚ ይህን እንዳታደርግ። ሐኪሙም ቤተሰቡም ሲደውሉ ስልኩ ዝግ ይላል። ዳታ ብቻ ይጠፋ። ማስታወቂያው በዳታ ነው የሚመጣው፤ ጥሪ ግን እንደወትሮው ይገባል። የቡድን መልእክት የሚረብሻት ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ "አትረብሹኝ" የሚለውን አብርታ የቤተሰቡን ቁጥሮች ብቻ ለይታ ትፍቀድ።

የስክሪኑ ብርሃን ወደ ሩብ ይውረድ፣ ድምፁም ንዝረቱም ይጥፉ። ንዝረት ባትሪ ይበላል፤ ከጎን የተኛውንም ታማሚ ይረብሻል።

አንድ አደጋ አለ። ጌም ከሞባይል ቤት ወይም ከጓደኛ ስልክ በዜንደር ሲገለበጥ "ሁሉም የተከፈተለት" የሚባለው ቅጂ ይመጣል። ሲጫን የኤስኤምኤስ፣ የስልክ ማውጫና የማይክ ፈቃድ ከጠየቀ ወዲያው አጥፉት። ቅርጽ የሚደረድር ጌም ኤስኤምኤስ የሚያነብበት አንድም ምክንያት የለውም፤ የባንክና የቴሌብር መልእክት ግን የሚመጣው በዚያው ነው። በችግር ላይ ያለ ቤተሰብ ያለችውንም እንዳያጣ።

ሐይቅ_ዳር
ይህ በጣም ይጠቅማል። የጥሪውን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ሥራ ያጣውስ? ቀኑ ሙሉ የእሱ ነው፤ የእሱ ችግር የጊዜ ማጠር ሳይሆን የጊዜ መርዘም ነው።

ጥቁር_ውሃ
ለሱ እኔ ልመልስ። ሥራ ያጣ ወይም ፈተና የወደቀ ሰው ላይ የሚጎዳው "ምንም አልችልም" የሚለው ስሜት ነው። ለሱ የሚሆነው ጌም ትንሽ ሥራ ተሠርታ ስታልቅ የምትታይበት፣ ትናንት የተሠራው ዛሬ የሚገኝበት ነው። የእርሻ ጨዋታዎች ይህን በደንብ ያደርጋሉ። ስታርዲው ቫሊን ውሰዱ፦ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው፤ ስልክ ላይም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በጨዋታው አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተኝተህ ስትነሣ ጨዋታው ይቆጠባል። ስለዚህ ልኩ በራሱ ውስጥ አለ። "ሁለት ቀን ተጫውቼ እነሣለሁ" ብትል ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ምንም ነገር መሐል ላይ አይቋረጥብህም። በሰዓት ከማቆም በጨዋታው ማብቂያ ማቆም ይቀላል፤ ማንቂያ ደውሎ መሐል ላይ የቆመ ሰው "ይቺን ብቻ ልጨርስ" ብሎ ሌላ ሰዓት ይጨምራል።

ጉድለቱን ልንገራችሁ፦ የሚከፈልበት ነው፣ ግዢው የውጭ ካርድ ይጠይቃል፣ እንግሊዝኛም ይበዛበታል። በነፃ ለሚፈልግ አልቶስ ኦዲሲ አንድሮይድ ላይ አለ። ዜን የሚለውን አማራጭ ሲመርጥ ነጥብም ሳንቲምም ይጠፋል፤ በረሃው ላይ መንሸራተት ብቻ ይቀራል። ወድቆ መነሣት እንጂ መሸነፍ የለም። ቼዝ ለሚወድ ደግሞ ሊቼስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ከኮምፒውተሩ ጋር 8 ደረጃዎች አሉ፤ ከ1 ወይም ከ2 ይጀምር። ከሰው ጋር ከሆነ ነጥብ የማይቆጠርበትን ይምረጥ፤ ፈተና ወድቆ ለተቀመጠ ልጅ ሌላ የሚወርድ ውጤት ማሳየት ጭካኔ ነው።

ከረሜላ የሚያፈነዱትን ጨዋታዎች በተመለከተ፦ ካንዲ ክራሽ ላይ 5 ነፍስ አለ፤ ያለቀችው ነፍስ በ30 ደቂቃ አንዷ ትመለሳለች። አልቆ ማቆሙ በራሱ ደግ ልጓም ነበር። ችግሩ ስልኩ "ነፍስህ ሞላ፣ ና" እያለ መጥራቱ ነው። ኖቲፊኬሽኑ ሲመጣ ጣት አሳርፎ ማጥፋት ይቻላል። እሱን አጥፍታችሁ ስጡት።

ታቦር
ፍሪ ፋየርን ሁሉም እያወገዘው ነው፤ ግን ጓደኞቹን ሁሉ እዚያ የሚያገኝ ልጅ አለ። ብቸኝነቱን አይቀንስለትም?

ጥቁር_ውሃ
@ታቦር ይቀንስለታል፣ ትክክል ብለሃል። ጨዋታውን ሳይሆን ሁኔታውን አስተካክሉለት። ራንክ ያለው ውስጥ እንዳይገባ፤ እዚያ ሽንፈት ነጥብ ይቀንሳል፣ የቀነሰውን ለማስመለስ ደግሞ ሌላ ዙር ይጀመራል። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ድምፅ ይዘጋ፣ ከሚያውቃቸው ጋር ብቻ ይከፈት፤ የስድብ መንገዱ እሱ ነው። አንድ ዙር 10 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ቡድኑ ሳይጀመር "ሦስት ዙር" ብሎ ይስማማ። የተናደደ ልጅ ግን ያን ቀን ባይገባ ይሻላል። ንዴት ኢላማ ያስታል፣ መሳት ንዴት ይጨምራል።

ፒያሳ_ጌም_ቤት
ጌም ቤትን በተመለከተ የምጨምረው አለ። በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ጌም ቤት ቢመጣ ከብቻው ስልክ ላይ ከማፍጠጥ የተሻለ የሚሆነው ሰው አጠገቡ ስላለ ነው። ግን "የተሸነፈ ይክፈል" የሚባለው ልማዳችን ለሱ አይሆንም። ብር የሌለው ልጅ ለእያንዳንዱ ጎል ይንቀጠቀጣል፤ ያ መዝናናት አይባልም። ጓደኞቹ ሒሳቡን ከመጀመሩ በፊት እኩል ይካፈሉ።

የተሻለው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ፊፋ ላይ ኪክ ኦፍ ስትገቡ ሁለቱንም ጆይስቲክ ወደ አንድ ወገን ግፏቸውና ሁለታችሁም በአንድ ቡድን ሆናችሁ ኮምፒውተሩን ግጠሙ። እርስ በርስ መሸናነፍ ቀረ፣ መቀባበል መጣ። የአንዱ አጋማሽ ርዝመት 6 ደቂቃ ቢሆን ከነዕረፍቱና ከነድጋሚ ምስሉ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ደረጃውን ከሁለት ጨዋታ አንዱን በምታሸንፉበት ልክ አስተካክሉት፤ ሁልጊዜ ማሸነፍ ቶሎ ይሰለቻል፣ ሁልጊዜ መሸነፍ ደግሞ ያለውን ኀዘን ያባብሳል። ጆይስቲኩንም አይታችሁ ምረጡ፤ ሳይነካ ወደ ጎን የሚሄድ ጆይስቲክ ለሐዘንተኛው አትስጡት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን እጁ እንኳ እንዳልታዘዘው ነው የሚሰማው።

ሌላው የማሳስበው ከልቤ ነው። ብር አስይዞ የሚጫወትን ሰው ከጌም ተጫዋች ጋር አትቀላቅሉት። ውርርድ ቤት ገብቶ የምትወጣዋን አውሮፕላን (አቪዬተር የሚባለውን የውርርድ ጨዋታ) የሚያይ ልጅ ጌም እየተጫወተ አይደለም። ጌም ላይ ልምምድ ውጤቱን ያሻሽላል፤ እዚያ ግን ሰው ተለማመደ አልተለማመደ ዕጣው ያው ነው። ሥራ ያጣ ሰው ጭንቁን ሊረሳ ገብቶ ዕዳ ጨምሮ የሚወጣው እዚያ ነው። ስልክ ላይ ያሉ ጌሞችም ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ ሣጥን በብር የሚሸጡ አሉ፤ ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ቁማር ቆጥራ ከልክላቸዋለች። ስልኩን ስታዘጋጁለት ግዢ በይለፍ ቃል እንዲሆን አድርጉ።

ሐይቅ_ዳር
አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረኝ። ለቅሶ ቤት። ልጁ አባቱን አጥቶ ድንኳኑ ሳይነቀል ስልክ ላይ ሲጫወት ዘመድ "ምን ዓይነት ልብ ነው" ይላል። ልጁም ይህን ሰምቶ ያፍራል።

ጋሽ_ዳማ
ልጄ ሐይቅ ዳር፣ ዘመድ ይህን ሲል ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ዞር ብሎ ይይ። ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው የሚያድሩት ጎረቤቶች እኮ ሌሊቱን የሚገፉት ካርታ ሲጫወቱ፣ ዳማ ሲገፉ ነው። ማንም ልበ ደንዳና አይላቸውም። ጨዋታና ለቅሶ በአገራችን ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው።

ልዩነቱ ምን መሰለሽ? የድንኳኑ ካርታ ሰው አለው፣ ማብቂያም አለው። ሲነጋ ይታጠፋል፤ አልቃሽ ሲመጣ ይቀመጣል፤ ሠልስት ሲወጣ ያበቃል። የልጁ ስልክ ሁለቱም የለውም። ስለዚህ ስልኩን አትቀሙት፤ የጎደለውን ስጡት። አጎቱ ወይም የአክስቱ ልጅ ከጎኑ ይቀመጥና "እስቲ እንዴት ነው፣ አሳየኝ" ይበለው። ተራ በተራ ይጫወቱ። ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ፣ እጅ ሥራ ላይ ሆኖ፣ ሕፃን ልጅ ስለ አባቱ የሚናገረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አስተዛዛኝ ሲገባ ስልኩ ኪስ ይግባ፤ ይህን አስቀድሞ በፍቅር ይነገረው፣ በሰው ፊት አይገሠጽ።

ገበጣ ያለው ቤት ደግሞ ገበጣውን ያውጣው። ጠጠር መቁጠር ልብ ይሰበስባል።

ሲስተር_ዘ
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ያሉትን ነው እኛም የምንለው፤ ሰውና ማብቂያ።

መቼ እንደሚያሰጋ ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው የጌም ሕመምን አካቷል። የሚያየው የሰዓቱን ብዛት አይደለም። ሰውየው መጀመርና ማቆም አቅቶት፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከሥራና ከሰው ሁሉ በልጦበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ያም እንደ ደንቡ ለ12 ወራት ያህል ሲታይ ነው። በሐዘን ሳምንት ሦስት ሰዓት የተጫወተ ልጅ ሕመምተኛ አይደለም፤ ስሙን አታውጡለት። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ከኩባንያዎቹ በተገኘ የጨዋታ መዝገብ ወደ 39,000 የሚጠጉ ተጫዋቾችን ሲከታተሉም የተጫወቱበት ሰዓት መብዛት ብቻውን በደኅንነት ስሜታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለምን እንደሚጫወት ይበልጣል።

ስለዚህ ካቆመ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠይቁት። ቀለል ብሎት ምግብ ከቀመሰ፣ ደውሎ ካወራ፣ ጨዋታው ሠርቷል። ካቆመ በኋላ ጭንቁ በርትቶ ከመጣና ወዲያው መልሶ ከከፈተው፣ ሰውንም ሸሽቶ ከሆነ፣ ጨዋታው መሸሸጊያ ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ወይም ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ስለ ጌም መነጋገር ይብቃ፤ የዚያኑ ቀን ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። እዚህ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ብቻውን አትላኩት።

አሞራ_ገደል
ቤት ውስጥ ፒኤስ 4 ያላቸው፣ መብራት በሄደ ቁጥር የተቆጠበው ጨዋታ ይጠፋባቸዋል። ለሳምንታት የሠራው እርሻ የጠፋበት ልጅ... ይህስ መላ አለው?

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
አለው። መብራት ሲቋረጥ የሚጎዳው ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ነው። ብርቱካናማ መብራት በርቶ የሚተኛበትን ሁኔታ ተዉት፤ ተኝቶም እያለ ኃይል ቢቋረጥ ስህተት ይመዘግባል። ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጠፋ። መብራት ሲመለስ ወዲያው አታብሩ፤ መጀመሪያ የሚመጣው ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል ዲቫይደሩን ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አቅም ላለው ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል፤ 650 ቪኤ የሚባለው ስሊሙን ኮንሶልና ቴሌቪዥኑን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። እሱ ለመጫወት ሳይሆን ቆጥቦ በሥርዓት ለማጥፋት ነው።

አልነሣም ካለ፦ ጠፍቶ እያለ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ 7 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ፤ ያለ ገመድ አይታዘዝም። ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን ምረጡ፤ የመረጃ ማውጫውን መልሶ የሚያደራጀው እሱ ነው፣ ጨዋታውንም የተቆጠበውንም አያጠፋም። 6ኛውንና 7ኛውን አትንኩ፤ እነሱ ሁሉንም ይደመስሳሉ። ለጥንቃቄ የተቆጠበውን በሳምንት አንዴ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ሴቲንግ ውስጥ የተቆጠቡ ጨዋታዎች የሚለው ስር ነው።

ታቦር
ስልክ ላይ የሰዓት ገደብ ያደረጉለት ልጅ ጌሙ ሌሊት እንደገና ሲከፈትለት ታየ። ገደቡ አይሠራም ማለት ነው?

ጆይስቲክ_ጠጋኝ
@ታቦር ይሠራል፤ ግን የአንድሮይድ ዲጂታል ዌልቢንግ ገደብ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከዜሮ ይጀምራል። ቀን 40 ደቂቃውን ጨርሶ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሌሊት 6 ሰዓት ሲያልፍ አዲስ 40 ደቂቃ ያገኛል ማለት ነው፤ ያውም ለእንቅልፉ ክፉ በሆነው ሰዓት። ከገደቡ ጋር እዚያው ውስጥ ያለውን የመኝታ ጊዜ አብሩት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ይሁን። እሱ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፣ ኖቲፊኬሽንም ያስቆማል፤ ጌሙን ግን አይዘጋውም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። ለማንቂያ የሚፈልገው ከሆነ የቁልፍ ስልክ ስጡት።